በስንብት ወረቀት ላይ የተጻፈች ቃል

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አበው የተናገሩት ጽሕፈትን ለማመስገን ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፍ የሚወረሰው በጎ ነገር ብቻ አይደለም። አንድ ሹም በአንድ ቀን የጻፋት ክፉ ቃል፥ ጸሓፊው ከሥራው ከለቀቀና ማኅተሙም ከተለወጠ በኋላ እንኳ፥ በመዝገብ ውስጥ ተቀምጣ ባለ ጉዳዩን ስትከተለው ትኖራለች። እኛም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ እንደ መሆናችን መጠን ይህን ዘወትር እናየዋለን። ዛሬ የምናወሳው ግን የአገራችንን መዝገብ አይደለም። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት የተሰናበተ ወታደር፥ በስንብት ወረቀቱ ላይ ስለ ተጻፈችበት ቃልና ያችን ቃል ለማስለወጥ ስለሚያቀርበው ይግባኝ ነው። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የአንድ አብሮ አደጋችን ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ናቸው ብለን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወታደር ከአሜሪካ ጦር በሚሰናበትበት ጊዜ ዲ. ዲ. 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ይህም በእኛ አገር ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ከሚቀበለው መሸኛ ጋራ ይመሳሰላል። በወረቀቱ ላይ የአገልግሎቱ ዘመን፥ የተሸለማቸው ሜዳዮች፥ የተሰናበተበት ምክንያት፥ ደግሞም የአገልግሎቱን ጠባይ የምትገልጽ አንዲት ቃል ይጻፍበታል። የዚህች ቃል ዋና ዋና ደረጃዎች አምስት ናቸው። አንደኛው በክብር የተሰናበተ፥ ሁለተኛው ከክብር ሳይወጣ በጠቅላላ የተሰናበተ፥ ሦስተኛው ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ የተሰናበተ የሚባሉት ሲሆኑ፥ እነዚህ ሦስቱ በአስተዳደር ውሳኔ ይሰጣሉ። አራተኛው ስለ መጥፎ ጠባይ የተሰናበተ፥ አምስተኛውም ክብሩን ተገፎ የተሰናበተ የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በጦር ፍርድ ቤት ካልተፈረደ በቀር አይሰጡም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን የሚያወጣው አዛዥና ጸሓፊ ነው።

የቃሊቱ ክብደት የሚታወቀው ወታደሩ የሲቪል ልብስ ከለበሰ በኋላ ነው። ከ2001 ወዲህ ያገለገሉ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ዩኒቨርሲቲ እንዲማሩ የወጣው ሕግ በክብር የተሰናበቱትን ብቻ ይመለከታል፤ በሁለተኛው ደረጃ የተሰናበተ እንኳ አይገባበትም። ከክብር ውጭ የተባለው ደግሞ ለብዙው ጥቅም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአገልግሎቱን ጠባይ እንደ ገና መርምሮ እስኪወስንለት ድረስ መጠበቅ አለበት። ቀጣሪም ወረቀቱን አሳየኝ ሲለው የሚመልሰው ይቸግረዋል። ለመጻተኛ ወታደር ከዚህ የባሰ አለበት። በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት፥ በውትድርና አገልግሎቱ የአሜሪካ ዜግነት የተሰጠው ሰው በጠቅላላው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጭ ቢሰናበት፥ ዜግነቱ ሊሰረዝበት ይችላል።

አብሮ አደጋችን በ2009 በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ሄደ። በተከታዩ ዓመት በጦሩ ውስጥ ተቀጠረ፤ በአገልግሎቱም ዜግነት አገኘ። በ2011 ወደ አፍጋኒስታን ዘመተ። እዚያም በአንድ ተሽከርካሪ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት በመንገድ በተቀበረ ፈንጂ ሲሞት፥ እርሱ በሕይወት ተረፈ። ከዘመቻው ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ ራቀው። አስቀድሞ በመጠጥ፥ ቀጥሎም በማሪዋና ሌሊቱን ለማሳለፍ ሞከረ። በ2013 መጀመሪያ በተደረገ የሽንት ምርመራ ዕፁ ተገኘበት፤ በዚያው ዓመትም «ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ» የሚል ወረቀት ተቀብሎ ወጣ። ያን ጊዜ ያገለገለው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ያሉት እናቱ ግን ልጃቸው የውል ዘመኑን ጨርሶ እንደ ተሰናበተ ያምኑ ነበር፤ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍም ከሳሎናቸው ግድግዳ ወርዶ አያውቅም።

ለነገሩ ሚዛን ይኖረው ዘንድ የጦሩን ምክንያትም መናገር ይገባናል። ጠመንጃ የያዘ፥ ተሽከርካሪ የሚነዳ፥ የጓደኞቹ ሕይወት በእጁ ያለ ሰው አእምሮው ደንዝዞ ቢገኝ፥ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ስለዚህም ማሪዋና በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ቢፈቀድም፥ በጦሩ ሕግ እስከ ዛሬ የተከለከለ ነው። በአገራችን በየመንገዱ የሚሸጠው ጫት እንኳ፥ በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር በአሜሪካ ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ መመደቡን ወደዚያ የሚሄድ ወጣት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ይሁን እንጂ ጥፋትን መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ የጥፋቱን ሥር መመርመር ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት የአሜሪካ መንግሥት በቬትናም ጦርነት ዘመን በብርቱ ተምሮታል። በሰኔ 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዕፅ ላይ ዘመቻ ካወጁ በኋላ፥ ከቬትናም የሚመለሱ ወታደሮች ሽንታቸው ይመረመር ጀመር። በነሐሴ ወር የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜልቪን ሌርድ፥ ዕፅ በመውሰዳቸው ብቻ ከክብር ውጭ የተሰናበቱ ሰዎች ጉዳያቸው እንደ ገና እንዲታይላቸው አዘዙ። ሊ ሮቢንስ የተባሉት የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪም በመስከረም 1971 የተመለሱትን ወታደሮች ተከታትለው አጠኑ። በቬትናም ሳሉ ከመቶው ሃያ ያህሉ በዕፅ ሱስ ተይዘው እንደ ነበረ ተገነዘቡ፤ ከእነዚህም መካከል ወደ አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደ ገና በሱስ የተያዙት ከመቶው አምስት ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ስፍራውና መከራው ሲለወጥ ሰዎቹም ተለወጡ፤ በወረቀታቸው ላይ የተጻፈችው ቃል ግን በገዛ ራሷ አትለወጥም።

ይግባኝ ማለት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በየፍርድ ቤቱ የተረታ ሰው በመጨረሻ በዙፋን ችሎት ፊት ቆሞ «አቤት» ይል ነበር። በአሜሪካም ለተሰናበተ ወታደር ሁለት ደጆች ተከፍተውለታል። አንደኛው በ1944 በወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ የተመሠረተው የስንብት መርማሪ ጉባኤ ነው። ወታደሩ ከተሰናበተ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አለበት፤ ከሦስት ያላነሱ አባላት ይሰሙታል፤ በድምፅ ብልጫም ይወስናሉ። በከፍተኛው የጦር ፍርድ ቤት የተወሰነ ስንብት ግን ከሥልጣናቸው ውጭ ነው። ሁለተኛው፥ በ1946 የወጣ ሕግ መሠረት የሆነው፥ ሲቪሎች የሚቀመጡበት የመዝገብ አራሚ ጉባኤ ነው። በዚህኛው ማመልከቻው ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ ሲኖርበት፥ ለፍትሕ ሲባል ጉባኤው ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። በታኅሣሥ 2019ና ከዚያ ወዲህ ለተሰናበቱት ደግሞ ሁለቱን ደጆች ከጨረሱ በኋላ የሚያንኳኩት ሦስተኛ ደጅ ተጨምሯል። በማናቸውም ማመልከቻ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም።

የመጀመሪያው ጉባኤ የሚመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ስንብቱ በሕግ ተሠርቶ እንደ ሆነና በርትዕ ተሠርቶ እንደ ሆነ ነው። ሕጉ ሳይጣስ ርትዕ ሊጎድል እንደሚችል ማመናቸው አስደንቆናል። ከ2014 ጀምሮም የመከላከያው መሥሪያ ቤት በጦርነት ድንጋጤ የአእምሮ ሕመም ያደረባቸውን አመልካቾች ጉባኤዎቹ በለጋስ ዓይን እንዲመለከቷቸው አዟል። በነሐሴ 2017 የወጣው መመሪያ አራት ጥያቄዎችን አስቀመጠ፤ ጥፋቱን የሚያስተው ወይም የሚያቀልል ሕመም ወይም መከራ ነበረን? በአገልግሎቱ ዘመን የነበረ ነውን? በእውነት ጥፋቱን ያቀልለዋልን? ሲመዘንስ ከስንብቱ ይበልጣልን? ይኸው መመሪያ ማሪዋና ዛሬ በአንዳንድ ስፍራ በመፈቀዱ የጥፋቱ ክብደት ከቀድሞው ሊያንስ እንደሚችል ያመለክታል፤ የቤተ ሰብና የወዳጅ ምስክርነትም በማስረጃነት እንዲታይ ይፈቅዳል። በ2018 የተጨመረውም መመሪያ፥ በክብር ለመሰናበት እንከን የሌለው አገልግሎት እንደማያስፈልግ ይናገራል።

አብሮ አደጋችን በ2023 ለማመልከት ሲነሣ የቸገረው ሁለተኛው ጥያቄ ነበር። ሐኪም ሕመሙን መርምሮ የጻፈለት በ2021 ነው፤ በጦሩ ሳለ ግን አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈልን፤ «ጥፋቴን የሚክድ አንዳች ቃል እንዳትጽፍልኝ፤ የምታውቀውን ብቻ መስክር። ከማንም ይልቅ ያን ጊዜ የነበርኩበትን የምታውቅ እናቴ ናት፤ እኔ ልነግራት አልቻልኩምና አንተ ንገርልኝ።»

እኛም ወደ እናቲቱ ዘንድ ሄድን። ቡናው እስኪጠጣ ድረስ ቃል ከአፋችን አልወጣም። በመጨረሻ ሁሉንም ሳንደብቅ ነገርናቸው። ወደ ፎቶግራፉ ዘወር ብለው ጥቂት ዝም አሉና፥ «ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት ብቻውን ተሸክሞት ኖረ?» አሉን። ስለ ክብርም ስለ ወረቀትም አልጠየቁም። ቀጥለውም ያወጉን ነገር በመዝገብ ሠራተኛ ጆሮ እንደ ወርቅ የሚቈጠር ነበር።

«የፍልሰታ ጾም የተፈታ ለት ሌሊት ደወለልኝ» አሉ። «‹እማዬ፥ ዓይኔን ስከድን ልጁ ይመጣብኛል› አለኝ። የቱ ልጅ ብለው አልነገረኝም። ቀኑን አልረሳውም፤ አቡነ ጳውሎስ ባረፉበት ሳምንት ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩም ማረፍ በዋዜማው ተነግሮ ከተማው ሁሉ ያለቅስ ነበር። በማግስቱ እንጦጦ ማርያም ሄጄ ተሳልኩለት።»

ይህ ቀን ነሐሴ 16 ቀን 2004 የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፥ በአውሮፓው ኦገስት 22 ቀን 2012 ነው። ዕፁ ከተገኘበት ቀን ቢያንስ አራት ወር ይቀድማል፤ ወታደሩም በአገልግሎት ላይ ነበረ። ሐኪም ያልመዘገበውን እናት በጾምና በሐዘን ቀን መዝግባው ኖራለች። ቃላቸውን እንደ ተናገሩት ጻፍነው፤ ፈረሙበት፤ ወደ እንግሊዝኛም በተረጋገጠ ትርጕም ተመልሶ ተላከ። እኛም ስለ ልጅነቱና ስለ ጠባዩ የምናውቀውን ብቻ ጨምረን መሰከርን። ከዚህ ጋራ ለዓመታት ሾፌር ሆኖ የሠራበት ድርጅት የጻፈለት ደብዳቤና የሐኪሙ ማስረጃ ተያይዘው ቀረቡ።

ውሳኔው በ2024 ደረሰ። ጉባኤው ሕመሙ በአገልግሎቱ ዘመን እንደ ነበረና ጥፋቱን እንደሚያቀልል ተቀበለ፤ ነገር ግን ዕፁን የወሰደው ከአንድ ጊዜ በላይ መሆኑን ጠቅሶ፥ ስንብቱን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከፍ ሲያደርግ ወደ አንደኛው አላደረሰውም። በዚህም የዜግነቱ ሥጋት ተወገደ፤ የትምህርቱ ደጅ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። አብሮ አደጋችን ወደ ሁለተኛው ጉባኤ ለማመልከት ወረቀቱን በማዘጋጀት ላይ ነው። ለእናቱ ግን አሁን በየሳምንቱ ይደውላል፤ ስለ ሞተውም ልጅ ስሙን ጠርቶ ነግሯቸዋል። እርሳቸውም የዚያን የማያውቁትን ወጣት ስም ለንስሐ አባታቸው ሰጥተው በጸሎት ያስጠሩታል።

ከዚህ ጉዳይ እኛ የተማርነው ይህ ነው። ይግባኝ የሚል ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚክድ አይደለም፤ አብሮ አደጋችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አላደረግሁም» አላለም። የለመነው መዝገቡ በሙሉ እንዲነበብለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛን ስንብት የምንጽፍ፥ በየትምህርት ቤቱ ተማሪን ከትምህርት የምናስወጣ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ቅጣት የሚገባው ይቀጣ፤ ነገር ግን «በሥነ ሥርዓት ጕድለት» የምትለዋን ቃል ጽፈን ከመፈረማችን በፊት፥ ሰውየው ያን ሰሞን ምን አግኝቶት እንደ ነበረ እንጠይቅ፤ መልሱንም ከመዝገቡ ጋራ እናያይዘው። ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ ያን ፋይል የሚከፍት ሌላ ሹም ርትዕን ለመፈለግ ሲነሣ፥ የሚይዘው ማስረጃ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላልና።