ራሴላስ በባህል አዳራሽ

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል የገባነው በዚያው ዓመት ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ቀማሾች እኛ ሆንን። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰፊ ቴሌቪዥን ተተከለልን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚለቀቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ነው። የስክሪኗ መምህርት ትጠይቃለች፤ መልስ የምንሰጥበት ጊዜ ትተውልናለች፤ ክፍሉ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ከዚያ ትንፍሽ ያለ ሳይኖር «ቬሪ ጉድ!» ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የክፍሉ አስተማሪ የቀረቻቸውን ጥቂት ደቂቃ ይዘው የተባለውን ሁሉ በአማርኛ ሊያስታርቁት ይሞክራሉ። መብራት ከሄደ ፊዚክስም አብሮ ይሄዳል፤ የሐዋሳ መብራት ደግሞ በዚያን ጊዜ መሄድ ያውቅበት ነበር።

እናቴ ነገሩ ያሳሰባት የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካርድ ስታይ ነው። በማግስቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ እዚያው ባህል አዳራሽ ሰፈራችን ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ወሰደችኝ። ሰፈሩም ክፍለ ከተማውም የሚጠሩት በሲዳማ ባህል አዳራሽ ነው። የመምህሩ በረንዳ ለአዳራሹ ቅርብ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠርግ ወይም ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ ሲሞከር ሁሉን እንሰማለን። የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ማጀቢያ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ዋን፣ ቱ» ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«መጽሐፍ ይወዳል?» ብለው ጠየቋት።

«ኳስ ነው የሚወደው፣ ጋሼ።»

«ጥሩ። ቅዳሜ ከኳስ በፊት ይምጣ።»

መጀመሪያ ላይ ብዙ ልጆች ስለነበርን በረንዳው አልበቃንም። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ በዛ። ቲቸር (ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንላቸው፤ ጋሼ የሚሏቸው ወላጆች ናቸው) የመረጡት መጽሐፍ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነበር፤ የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የገዙት፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ ቀጭን መጽሐፍ። ሳንቲም አዋጥተን ፎቶ ኮፒ አስነሳነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንባቢውን እየጠራ፣ እየጨመረ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ እየደረበ ይሄዳል፤ ነጥቡ ጋ ስንደርስ አነሳሳችን ምን እንደነበር የሚያስታውስ አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግማሹ ቀረ፣ ከዚያም ሦስት ቀረን።

አንደኛው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ለቶፍል መዘጋጃ የሚሆን የቃላት ዝርዝር ከኪሱ ስለማይጠፋ «ሊስት» እንለው ነበር። ሁለተኛዋ ከመናኸሪያ በኩል የምትመጣ ልጅ ናት። ቤቷ ሲዳምኛ ይናገራል፣ አማርኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ነው የለመደችው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛዋ ነው። እናቷ አልፎ አልፎ በሸክላ ሻፌታ በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ይልኩልን ነበር፤ ቅቤው ፎቶ ኮፒው ላይ እንዳይንጠባጠብ ቲቸር በመነጽራቸው ሥር እያዩ ይቆጣጠራሉ። የመጽሐፉ ሦስተኛ ምዕራፍ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ፤ ቅቤው አልለቀቀውም።

ይህ መጽሐፍ ለምን? ሊስት ጠየቀ። ሼክስፒር አለ፣ ዲክንስ አለ።

«ቃል ልትማሩ አይደል የመጣችሁት?» አሉት። «መዝገበ ቃላት የሠራው ሰውዬ የጻፈው ልብወለድ ይኸውላችሁ። ከፋብሪካው እንጀምር ብዬ ነው።»

ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ያሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከ42 ሺህ በላይ ቃላት የያዘ ነው። «ራሴላስ» የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1759 ነው። እናቱ ሞተው ለቀብር ወጪ ገንዘብ ሲያስፈልገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ገና ወጣት ሳለ ግን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበረውን የፖርቹጋሉን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ እሱ ነው፣ በ1735። ስንፍና ይዞት አልጋው ላይ ተጋድሞ ለጓደኛው በቃሉ እያስጻፈ ጨረሰው ይባላል። የልዑሉም ስም የንጉሡ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የተቀዳ ነው ይላሉ። ቲቸር ይህን ሲነግሩን ሊስት ፎቶ ኮፒውን ገልብጦ ሽፋኑን እንደገና አየው። ስለ እኛ፣ በእኛ ስም፣ እኛ በማንረዳው እንግሊዝኛ።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። አንድ አንቀጽ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የማይታወቅ ቃል ሲመጣ ማንም መዝገበ ቃላት አያነሣም፤ በመጀመሪያ ግምት ይሰጣል፣ ግምቱም በምክንያት። ቃሉ ሌላ ገጽ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ግምቱ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ብቻ የዶክተር አምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ይከፈታል። ደብተር ላይ የሚጻፈው ከነዓረፍተ ነገሩ ነው። ቃሉን ነጥሎ የጻፈ ሻይ ይገዛል። በሊስት ኪስ ብዙ ሻይ ጠጥተናል።

ጆንሰን ለዚህ ዓይነቱ ግምት የተመቸ ጸሐፊ ነው፤ ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ቃላቱ ይከብዳሉ እንጂ አቀማመጣቸው ሚዛን አለው። አንዱን ሐሳብ ሲጥል ተቃራኒውን ወዲያው አጠገቡ ያቆማል፣ ወይም ያንኑ በቀለለ ቃል ይደግመዋል። ስለ ትዳር በሚከራከሩበት ክፍል «ሴሊበሲ» የሚል ቃል መጣ። ማንም አያውቀውም። ግን ከጋብቻ ፊት ለፊት ነው የቆመው፤ አንዱ ሲወቀስ ሌላው አብሮ ይወቀሳል።

«ቆሞ መቅረት ነው» አለች የመናኸሪያዋ ልጅ፣ ሳታቅማማ።

ቲቸር ሳቃቸው መጣ። «ቀረብሽ። ቆሞ መቅረት ላይ ቅሬታ አለበት፤ ይኼኛው ሳያገቡ መኖር ብቻ ነው። መነኩሴም ሊሆን ይችላል፣ ያልተመቸውም ሊሆን ይችላል።» መዝገበ ቃላቱ ሳይከፈት ቃሉ ገባን፤ የሚያንሰውና የሚተርፈው ተለክቶ።

ሌላው መንገዳቸው ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ዳዊት የደገሙ ሰው ስለነበሩ ላቲን ለእንግሊዝኛ ግዕዝ ለአማርኛ እንደሆነው ነው ይሉን ነበር፤ የአደባባዩና የመጽሐፉ ቃል ከዚያ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ክሬዱሊቲ» የሚል አለ። «ክሬዲት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ብድርና ቁጠባ፣ አልን። «ለምን ያበድሩሃል? ስለሚያምኑህ። እንግዲህ አመነ ብላችሁ ጀምሩ፤ አማኝ፣ ምእመን፣ ታማኝ፣ ተአማኒ፣ ኢአማኒ እያላችሁ ውረዱ። እንግሊዝኛውም እንዲሁ አንድ ቤተሰብ ነው፤ አንዱን ልጅ ካወቃችሁ የቀሩትን በመልካቸው ትለያላችሁ።» ያን ቀን በአንድ ቃል ስድስትና ሰባት ቃል ይዘን ወደ ኳሳችን ሄድን።

ታሪኩም ይስብ ጀመር። ልዑሉ በአማራ ምድር በተራራ በታጠረ የደስታ ሸለቆ ይኖራል፣ የሚጎድለው የለም፣ ግን ይሰለቻል። ዕድሜው ሃያ ስድስት ሲደርስ ለመውጣት ያስባል። በማሰብ ብቻ ሃያ ወር ያልፍበታል። ጊዜውን በከንቱ እንዳባከነ ሲገባው ደግሞ በዚህ ጸጸት ሌላ አራት ወር ይጨምራል። የጥናት ፕሮግራም ሲያወጡ ፈተናው የሚደርስባቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች እዚህ ላይ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

ስድስተኛውን ምዕራፍ ያነበብነው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው፤ ሐሳቡ የቲቸር ነበር። ሸለቆው ውስጥ አንድ ብልሃተኛ ሰው አለ፣ ክንፍ ሠርቶ ሊበር ይፈልጋል። የሚበሩትን ሁሉ መርምሮ የሌሊት ወፍን ክንፍ መረጠ። አንድ ዓመት ሠራና ከገደል ጫፍ ዘለለ፤ ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። አየር ላይ ያልረዳው ክንፍ ውሃው ላይ አንሳፈፈው፣ ልዑሉም ጎትቶ አወጣው። ይህን ስናነብ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ እየገፈፉ ነው፤ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራ አናታቸውን ደፍተው፣ ኮሮጇቸውን አንጠልጥለው ዙሪያውን ይንጎራደዳሉ። አንዱ የዓሣ አንጀት ይዞ ሊነሣ ሲል እንደ አውሮፕላን ተንደርድሮ፣ ከባድ ክንፉን ዘርግቶ፣ እግሩ ውሃውን እየነካ በመከራ ተነሣ።

«ሰውዬው አባ ኮዳን አላየማ» አለች ልጅቱ። «ይህ ከበረረ እሱ ምን ይከለክለዋል?»

በዚያው ምዕራፍ አንድ ቦታ ላይ ቲቸር ንባቡን አስቆሙ። ብልሃተኛው ጥበቡን ለሌላ እንዳይነግርበት ልዑሉን ያስጠነቅቃል፤ ክፉዎች መብረር ከቻሉ ደጎችን ከሰማይ ይወሯቸዋል፣ ግንብም ተራራም አያድንም ይላል። ይህ ሲጻፍ ባሉን እንኳ ሰው ይዞ አልተነሣም ነበር። ቲቸር ስለ ሲራክ ኅሩይ የነገሩን እዚያ ላይ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ ኦክስፎርድ የተማረ፤ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው። ትርጉሙ የታተመው ከነፃነት በኋላ ነው፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች መርዝ ካዘነቡ፣ አባቱም በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ካረፉ በኋላ። «ያን ገጽ ሲተረጉም» አሉ ቲቸር፣ «መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።» ሊስት እንኳ ያን ቀን ዝርዝሩን አላወጣም።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል፤ ጆንሰን ለሁሉም አይሆንም። በእሱ እንግሊዝኛ የዓመት ፈቃድ የጠየቀ ሠራተኛ ፈቃዱን የሚያገኝ አይመስለኝም። ቲቸርም ይህን ያውቁ ነበር፤ ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ መናገር ሌላ፣ ይሉን ነበር። ልዩነቱ በአደባባይ የታየው ግንቦት ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ የወላጆች በዓል ተዘጋጀ፤ ከተማሪ ሁለት ሰው በእንግሊዝኛ እንዲናገር ተባለ፣ ሊስትና የመናኸሪያዋ ልጅ ተመረጡ።

ሊስት በተዋሰው ኮት ወጣ። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ድምፁ የዜና አንባቢ ድምፅ። የዝርዝሩን ግማሽ በሁለት ገጽ አስገብቶታል። የክብር እንግዶቹን ሲያመሰግን «ኖቶሪየስ» ብሎ ጠራቸው። የፊት ወንበሮች ከማንም በላይ አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ብቻ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ቲቸር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ትርጉሙማ ልክ ነው፤ የታወቁ ማለት ነው» አሉኝ። «በክፋት መሆኑን ዝርዝሩ አልነገረውም። አንድ ልብወለድ ውስጥ ቢያገኘው ኖሮ ሌባ ወይም ሽፍታ አጠገብ ነበር የሚያገኘው።»

ቀጥላ ልጅቱ ወጣች። ወረቀት አልያዘችም። ስለ ክንፍ ሠሪው በራሷ እንግሊዝኛ አወራች፤ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ቃላት። ሰውዬው ሲዘል እጆቿን ዘረጋች፣ ሐይቁ ውስጥ ሲወድቅ ትከሻዋን ሰበረች። ጀልባ የሚቀዝፉ ልጆች በር ላይ ተደግፈው ይሰሙ ነበርና ሳቁ ከእነሱ ተነሣ። ከባድ ቃል የተጠቀመችው መጨረሻ ላይ፣ ልዑሉ ሰውዬውን ሲያወጣው ነው። ሰውዬው ፈርቶ ብቻ አይደለም አለች፤ «ቬክሴሽን» ብላ እንደተጨመቀ ጨርቅ ፊቷን ቋጠረችው። የቃሉን ትርጉም የጠየቀ አልነበረም።

ሊስት ለአንድ ሳምንት አኮረፈ። ተመልሶ ሲመጣ ዝርዝሩን አልጣለም፤ ግን በየቃሉ ትይዩ ያገኘበትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። ዛሬ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት ይሠራል። ስንደዋወል ሐኪሞቹ የሚናገሩት ላቲን ከበረንዳው ላቲን ጋር እንደሚገናኝበት ያጫውተኛል።

መጽሐፉን የጨረስነው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ልዑሉና እህቱ ካይሮ ድረስ ሄደው፣ የደስታን መንገድ ከባለጸጋም ከባሕታዊም ጠይቀው፣ ያሰቡት እንደማይሆን አውቀው ወደ አቢሲኒያ ለመመለስ ይወስናሉ። ሊስት በዚህ ተናደደ፤ ካይሮ ደርሶ የሚመለስ ሰው አልገባውም። ልጅቱ ደግሞ ሲጀመር መውጣታቸውን አልወደደችውም፤ ሐይቅ ካለበት አገር ለምን ይወጣሉ? ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያው «ዋን፣ ቱ» ማለቱን ትቶ ሙዚቃ ጀምሯል።

ቲቸር አልፈረዱም። ገብተው ሌላ መጽሐፍ ይዘው ወጡ፤ ወፍራም፣ የዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»። ሊስት ውፍረቱን በአውራ ጣቱ ለካው።

«ይኼስ ሐይቅ አለው?» አለች ልጅቱ።

«ሐይቅ የለውም። ረግረግ ግን አለው፤ ረግረጉ ውስጥ ከመርከብ ያመለጠ እስረኛ አለ፣ ገና ከጅምሩ።»

«እስረኛው ምን ይፈልጋል?»

«የሚበላና ሞረድ።»

«ሞረድ ለምን?» አለ ሊስት፣ ወረቀቱን እያወጣ። ልጅቱ ቀድማ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበለች።