ቀጠሮውም ዕቃ ነው



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በእጃቸው ሙያ የሚተዳደሩትን ይመለከታል፤ ልብስ ሰፊውን፣ ብረት በያጁን፣ ሞባይል ጠጋኙን። ሥራ ጠፋ፣ ደንበኛ ሸሸ የምትሉ በተለይ አንብቡት።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከሶላት በኋላ ኢማም ዘንድ ከሚመጡት ክርክሮች ብዙዎቹ የሥራና የክፍያ ናቸው። እኛም ኢማሙን የምናግዝ ሰዎች ቁጭ ብለን ሁለቱንም ወገን እንሰማለን። የሚገርመው፣ ሥራው ተበላሽቶ የሚጣሉት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹን ያጣላቸው «አንጣላም» እና «ነገ ና» የሚባለው ነገር ነው።

ደንበኛው «ስንት ነው?» ሲል ባለሙያው «ግድ የለም፣ አንጣላም» ይለዋል። ሥራው አልቆ ዋጋው ሲነገር ይጣላሉ። ባለሙያው በክፋት አይደለም፤ ዋጋ ብጠራ ይሄድብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ገበሬ ግን በርበሬና በቆሎ ሲሸጥ በዋጋ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው፤ ዋጋ ሰምቶ አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ያልጠበቀውን ሲሰማ ነው። መድረሳ ውስጥ ኢጃራን ስንቀራ፣ ከመስፈርቶቹ አንዱ ሥራውም ክፍያውም አስቀድሞ መታወቁ ነበር። የአገሩ ሕግም ከዚህ አይርቅም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ እንዲያሳይ ያዝዛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምትሠሯቸውን አራት አምስት ሥራዎች ዋጋ በካርቶን ጽፋችሁ ስቀሉ።

ዋጋ ስትጨምሩም ምክንያቱን ንገሩ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መወደዱን ገጠሩም ያውቀዋል። የክሩን፣ የዚፑን፣ የስክሪኑን ለብቻ፣ የእጃችሁን ለብቻ ብትነግሩት ይረዳችኋል።

ወደ «ነገ ና» እንምጣ። ከማንኩሳ ወይም ከሌላው የጃቢ ጠህናን ገጠር የሚመጣ ሰው ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው። «ነገ ና» ሲባል ለእሱ «የሳምንት ሰው ይበለን» እንደማለት ነው። የትራንስፖርቱን ይከፍላል፣ የሥራ ቀኑን ያቃጥላል፤ ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ ርካሹ ስፌት ውድ ሆነ። ለዚህ ነው ጥቂት ብር አስበልጦ በቀኑ የሚያስረክበው ልብስ ሰፊ ደጃፉ ሰው የማያጣው። እሱ የሚሸጠው ልብሱን ከነቀጠሮው ነው።

መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። ስም፣ ስልክ፣ የሥራው ዓይነት፣ ዋጋ፣ የተቀበላችሁት ቀብድ፣ የማስረከቢያ ቀን ይጻፍበት። ቀኑን ስትቆርጡ በደንበኛው የገበያ ቀን ቁረጡ። የማይደርስ ከሆነ ሰውየው ከቤቱ ሳይነሣ ደውሉለት።

ለመስጂዱ የብረት በር ስናሠራ ያገኘነው በያጅ «መብራት ካልጠፋ በአምስት ቀን፣ ከጠፋ በስምንት» አለን። በሰባተኛው ቀን «አልቋል፣ ውሰዱ» ብሎ ደወለ። በርካሽ ልሥራላችሁ ያለን ሌላ ሰው ነበር፤ ግን እስከዛሬ ብረት የሚያሠራ ሰው ሲጠይቀን የምንጠቁመው ይህኛውን ነው። ለማስታወቂያ ምንም አላወጣም።

ቀብድን በተመለከተ፣ ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ ደንበኛው ካለበት ሆኖ ሊልክላችሁ ይችላል። ሐሳቡን ከቀየረ ግን ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ይቀራል በሚለው ዑለሞች ተለያይተዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ሳትቀበሉ ተነጋገሩበት። ጨርቁ ሳይቆረጥ ከመጣ መመለሱ ከጥርጣሬ ያወጣል።

በዓል ሲደርስ ደግሞ እንጠንቀቅ። በጎጃም አብዛኛው ደንበኛችን ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ለዒድ እንደምትዘጋጁ ሁሉ ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለፋሲካም ቀድማችሁ ሥራ የምትቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን ወስኑ። ከዚያ በኋላ ለመጣው «አልደርስልዎትም» በሉት። ቅር ብሎት ይሄዳል፤ ግን ልጆቹ በበዓሉ ዋዜማ እያለቀሱ ከደጃችሁ ከሚመለሱ ይህ ይሻላል። ከገጠር ለመጣ ትልቅ ሰው «እርስዎ» ማለትም አይርሳ። ሀብታሙን በክብር፣ ባለ ጋቢውን በ«አንተ» የሚያስተናግድ ባለሙያ ማን እንዳወራበት እንኳ ሳያውቅ ገበያው ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻ፣ የተረፈውን መልሱ። ከስፌት የተረፈ ጨርቅ የባለ ጨርቁ ነው። ከስልኩ የወጣውን አሮጌ ባትሪም ለባለቤቱ አሳዩትና ስጡት። ከቁርኣን 83ኛው ሱራ ሙጠፊፊን የተባለው ሰፍረው በሚያጎድሉ ሰዎች ነው። ልብስ ሰፊ ሚዛን የለውም፤ ሜትርና መቀስ ግን አለው። ቁርጥራጩን አጣጥፎ ከልብሱ ጋር ሲሰጣት ያየች እናት የሚቀጥለውን ጨርቅ ለማን እንደምትሰጥ ግልጽ ነው።

ነገ ሱቃችሁን ስትከፍቱ ደብተሩን ገዝታችሁ ግቡ። የመጀመሪያውን ደንበኛ ስም፣ ዋጋና ቀን ጻፉበት፤ በቀኑም አስረክቡ። አላህ ሪዝቃችሁን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግላችሁ።