ሰማይ ላይ ባለበት የሚቀር የለም

ኮከባቸውን የሚያነቡ ሰዎች አብዛኞቹ ተደብቀው ነው የሚያነቡት። አማኙ ኃጢአት ነው እንዳይባል፣ የተማረው እንዳይናቅ ይደብቀዋል። እኔ ግን ዛሬ በግልጽ ልጽፍ ነው። የምዕራባውያኑን አስትሮሎጂ ለዓመታት ስከታተል ኖሬአለሁ፤ አሠራሩንም ቁጭ ብዬ ተምሬዋለሁ። ነገ የሚሆነውን ይነግረኛል ብዬ አላምንም። ያም ሆኖ ያጽናናኛል። ለምን እንደሚያጽናናኝ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ መናገር አለብኝ፤ መጽናኛው ያለው አሠራሩ ውስጥ ነውና።

ከምድር ሆነን ስናያት ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ ሰማዩን ትዞራለች። ይህንን የፀሐይ መንገድ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ በሆኑ 12 እኩል ክፍሎች የከፈሉት ባቢሎናውያን ናቸው፤ ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነበር። ዞዲያክ የሚባለው እሱ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍልም ምልክት ይባላል። ግሪኮች ከባቢሎን ተቀበሉት፣ ግብፅ ውስጥ አደገ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን ደግሞ እስክንድርያ ላይ የሠራው ሊቅ ቶለሚ «ቴትራቢብሎስ» በተባለው መጽሐፉ ሥርዓት አስያዘው። ዛሬ በስልካችን የምንከፍተው ቻርት አጥንቱ የዚያን ዘመን ነው።

ይኸው ዕውቀት በዐረቦች በኩል ወደ እኛም መጥቷል። «ዐውደ ነገሥት» በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ውስጥ የምናገኛቸው ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብና ሌሎቹም እነዚያው 12ቱ ናቸው፤ ስማቸውም የዐረብኛ ነው። የእኛና የምዕራቡ የሚለያዩት በአቆጣጠር ነው። የእኛ ሊቅ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ ይደምርና በ12 ይገድፋል። የምዕራቡ ስም አይጠይቅም፤ የተወለዳችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነው የሚፈልገው።

በምዕራቡ አነጋገር «ኮከብህ ምንድን ነው?» ማለት በተወለድክበት ቀን ፀሐይ የትኛው ምልክት ውስጥ ነበረች ማለት ነው። ቆጠራው የሚነሣው ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመጋቢት 11 ወይም 12 ነው፤ የመጀመሪያዋ ምልክት የኤሪስ መግቢያ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል እየተጓዘች በየወሩ ምልክት ትቀይራለች። ለእንቁጣጣሽ የተወለደ ቪርጎ ነው። ለመስቀል የተወለደ ሊብራ ነው። በጥምቀት ሰሞን የተወለደ ካፕሪኮርንና አኳሪየስ በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነው።

ጋዜጣ ላይ የምናውቀው የኮከብ አምድ ከዚህ አያልፍም። አምዱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የእንግሊዙ «ሰንደይ ኤክስፕረስ» አዲስ የተወለደችውን የልዕልት ማርጋሬትን ኮከብ አር. ኤች. ኔይለር የተባለ ኮከብ ቆጣሪ እንዲያይላት አደረገ። አንባቢ ወደደው፣ ሌሎች ጋዜጦችም ተከተሉ፤ ቀስ በቀስም የዓለም ሕዝብ ሁሉ በ12 አንቀጽ መነበብ ጀመረ። ኮከብ ቆጠራን በዚህ አምድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢንቀው አልፈርድበትም።

ሙሉው ቻርት ግን ስትወለዱ፣ በዚያች ቅጽበትና በዚያች ቦታ ላይ የነበረው ሰማይ ካርታ ነው። ጨረቃ የስሜት፣ ሜርኩሪ የንግግርና የሐሳብ፣ ቬነስ የፍቅር፣ ማርስ የጉልበትና የቁጣ፣ ጁፒተር የመስፋት፣ ሳተርን የገደብና የኃላፊነት ናቸው ይባላል። ካርታው 12 ቤቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ የሕይወት ክፍል ይይዛል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። አራተኛው ወላጅና መኖሪያ ነው። ስድስተኛው የዕለት ሥራና ጤና፣ ሰባተኛው ትዳር፣ ዘጠነኛው ሩቅ መንገድና እምነት፣ አሥራ ሁለተኛው ብቸኝነትና ከሰው ዓይን የተሰወረው ነገር ሁሉ ነው። ከዚያ በፕላኔቶቹ መካከል ያለው ማዕዘን ይለካል፤ 60 እና 120 ዲግሪ ሲሆን ተስማሙ፣ 90 እና 180 ሲሆን ተፋጠጡ ይባላል።

የሁሉ መነሻ በተወለዳችሁበት ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ ትወጣ የነበረችው ምልክት ናት፤ ራይዚንግ ይሏታል። አሥራ ሁለቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ተራ በተራ ስለሚወጡ በአማካይ በየሁለት ሰዓቱ ትቀየራለች። ስለዚህ ሰዓቱን ማወቅ ግድ ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እናታችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለቻችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ንጋት 3 ሰዓት ነው። ሳትቀይሩ ጠዋት 9 ብላችሁ ብታስገቡ ራይዚንጓ ሦስት ምልክት ያህል ትዞራለች። ዓመተ ምሕረቱን ሳትቀይሩ ካስገባችሁማ የሚወጣው ቻርት ከእናንተ በፊት የተወለደ የሌላ ሰው ነው።

ብዙዎቻችን የተወለድንበት ሰዓት አልተጻፈም። እኔም እናቴን ልጠይቃት ደወልኩ። ሰዓቱን በቁጥር አታውቀውም። ዶሮ ጮኾ እንደነበር፣ ዝናቡ ገና አባርቶ እንደነበር፣ ጎረቤታችን ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ እንደመጣች፣ አባቴ በረንዳ ላይ ሲንጎራደድ እንዳነጋ ነገረችኝ። በዚያች ሌሊት ፈርታ እንደነበር ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ቻርቱ ምንም ሳይናገር ይህን ሰጠኝ። ብዙ የሚያጽናኑ ነገሮች የሚመጡት ከመልሱ ሳይሆን ለመጠየቅ ምክንያት ከማግኘት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቻርቱ ባለበት ይቆያል፤ ሰማዩ ግን መንቀሳቀሱን አያቆምም። ዛሬ የሚዞሩት ፕላኔቶች በልደት ካርታችሁ ላይ እያለፉ ይሄዳሉ፤ የየቀኑ ንባብ የሚሠራው በዚህ ነው። ጨረቃ በአንድ ምልክት ውስጥ የምትቆየው ሁለት ቀን ተኩል ያህል ነው። ሜርኩሪ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሳምንት ያህል፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ ሬትሮግሬድ የሚባለው ይህ ነው። እውነት ወደ ኋላ ሄዶ አይደለም። አንድ መኪና ሌላውን ሲቀድም የተቀደመው ወደ ኋላ የቀረ እንደሚመስለው፣ ፀሐይን በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩት እሱና ምድር ሲተላለፉ ለእኛ እንዲያ ይታየናል። ጁፒተር ዙሩን በ12 ዓመት ገደማ፣ ሳተርን በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ይጨርሳል።

እንግዲህ እኔ የተጽናናሁት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያልፍበት ቀን የሌለው መከራ የለም። በጭንቀት ጊዜ የሚያደክመኝ ጭንቀቱ ብቻ አይደለም፤ ለዘላለም እንዲህ ልቀር ነው የሚለው ስሜት ነው። ሰማዩን የሚከታተል ሰው ግን ሁሉን ነገር በመግቢያና በመውጫ ማየት ይለምዳል። የዛሬው ስሜት ከነገ ወዲያ ጨረቃዋ ስትዞር ይዞራል። ሳተርን ከበደኝ ያለ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ከምልክቱ እንደሚወጣ ቀኑን ጭምር ያያል። ሀገሬው ሁሉም ያልፋል ይላል፤ አባባሉ እውነት ነው፣ ግን ሲጨንቅ አይያዝም። ቀን ሲቆረጥለት ይያዛል።

የሳተርንን ነገር በተለይ ላንሣ። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ዓመት አካባቢ ሳተርን በተወለድንበት ጊዜ ወደነበረበት ቦታ ይመለሳል፤ አስትሮሎጂ ይህንን የመብሰያ ፈተና አድርጎ ያየዋል። በዚያ ዕድሜ ያለ የእኛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። መቼ ነው የምታገቢው፣ ቤት ሠራህ ወይ፣ እነ እገሌ የት ደረሱ ይባላል። ያን ጊዜ ሰው ራሱን የዘገየ፣ የተረሳ፣ የወደቀ አድርጎ ይቆጥራል። «በዚህ ዕድሜ ሁሉም ሰው በዚህ በር ያልፋል፣ አንተ ብቻ አይደለህም፣ አሁን ያለህበት ጊዜ መሠረት የሚጣልበት ነው» የሚል አንድ ድምፅ ሲሰማ ምን ያህል እንደሚቀለው አይቻለሁ። ሳተርን ይህን ስለማድረጉ ማስረጃ የለኝም። ሠላሳ ዓመት ከባድ ስለመሆኑ ግን ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ለመናገር የሚከብደውን ለመናገር ቃል ያበድራል። አንዲት ጓደኛዬ ዱባይ ትሠራለች። ናፍቆቷን ብትናገር ቤተሰቧ ይጨነቃሉ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ትላለች። ለእኔ ግን ማታ በድምፅ መልእክት «ዛሬ ጨረቃ ካንሰር ገብታለች» ብላ ትልክልኛለች። ካንሰር የቤትና የእናት ምልክት ናት። እኔ ወዲያው እደውላለሁ። በዚህ መንገድ ሁለታችንም ሳንፈርድና ሳይፈረድብን ስለ ሐዘን፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት እናወራለን። የማርስ ቁጣዋን ስትነግረኝ ክፉ ሰው ነኝ ማለቷ አይደለም፤ ቁጣዋን ከራሷ ነጥላ አስቀምጣ አብረን እንድናየው ነው።

የሳይንሱን ወገን ሳልናገር ብቀር ግን አንባቢዬን በደልኩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የእያንዳንዳችሁ ባሕርይ ነው ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው። ከ5 በአማካይ 4.3 ገደማ ሰጥተው በደንብ ይገልጸናል አሉ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ የተወሰደውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ሾን ካርልሰን «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጣው ሙከራ ኮከብ ቆጣሪዎች አንድን ቻርት ከባለቤቱ የባሕርይ መግለጫ ጋር እንዲያዛምዱ ተጠይቀው በዕድል ከመገመት አልተሻሉም። ከዚህም በላይ የምድር ዘንግ ቀስ እያለ ስለሚዞር በየ72 ዓመቱ አንድ ዲግሪ ያህል ሽግሽግ አለ፤ ዛሬ ኤሪስ በምንለው ወር ፀሐይ በአብዛኛው የምትገኘው በፓይሲስ ከዋክብት ፊት ነው። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ይህንን ያውቃሉ፤ የእኛ ዞዲያክ የተያያዘው ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ቀን እንጂ ከከዋክብቱ ጋር አይደለም ይላሉ። እኔም የምቀበለው እዚህ ድረስ ነው። ዞዲያክ የወቅት አቆጣጠር ነው፤ የሰጠኝም ነገር የወቅት ስሜት ነው።

በእምነታቸው ምክንያት ይህንን የማይቀበሉትን አከብራለሁ፤ ጥያቄያቸውም የቆየ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን መንትዮችን እያነሣ ተከራክሯል፤ በአንድ ሰማይ ሥር፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ተወልደው ለምን ዕድላቸው ይለያያል ብሎ። መልስ የለኝም፤ ትክክል ነው። ሰማይ ያዝዛል የሚል ሰው ይህንን ጥያቄ መመለስ አለበት። ሰማይን ጊዜን ለማሰብ የሚጠቀምበት ሰው ግን ለመንትዮቹ ዕጣ አይጽፍላቸውም፤ ምን ይዛችሁ መጣችሁ፣ ምንስ ከብዷችኋል ብሎ ይጠይቃቸዋል እንጂ።

ለዚህም ነው ድንበሩን አጥብቄ የምጠብቀው። ኮከባችሁ አልገጠመም ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት በደል ነው። ጥላ አለብሽ፣ እንዲህ ያለውን ካላደረግሽ አይለቅሽም እያለ ከተጨነቀች ሴት ገንዘብ የሚቀበል ሰው ኮከብ አያነብም፤ ፍርሃት ይሸጣል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም በቻርት አይታይም፤ ውል የሚፈረመውም ሕግ የሚያውቅ ሰው አይቶት ነው። መለኪያዬ አንድ ናት። ንባቡ ካነበብኩት በኋላ ለራሴና ለሰው የበለጠ ደግ ካደረገኝ ይቀመጥ፤ ካስፈራኝ ወይም ሰው ካስጠላኝ ይዘጋ።

ይህንን የምታነቡ፣ ዛሬ የከበዳችሁ ነገር ያለ እንደሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮከብ እመኑ አልልም። የጨነቃችሁን ነገር ግን መቼ ገባ፣ የትኛውን የሕይወታችሁን ቤት ነካ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ፣ ያን ጊዜስ እንዴት አለፈ ብላችሁ ጻፉት። ባቢሎናውያን ሰማዩን ለብዙ መቶ ዓመታት የመዘገቡት በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው፤ ያዩትን ከነቀኑ እየጻፉ፣ የሄደው መቼ እንደሚመለስ እስኪያውቁ ድረስ። የራሳችሁን ቀኖች በዚያ ትዕግሥት ብትከታተሉ ከዚህ በፊት ስንት ከባድ ነገር እንዳሳለፋችሁ በእጃችሁ ጽሑፍ ታነባላችሁ፤ የዛሬውንም እንደምታሳልፉት የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው።