ማ ልበል?

አማርኛ ውስጥ ከ«ማ» የበለጠ ነገረኛ አላውቅም። ብቻዋን ብዙም አትቆምም፤ የሌላ ቃል ጭራ ላይ ተለጥፋ ነው የምትኖረው። ሥራዋን ግን እዩልኝ። «እሱ ጥሩ ሰው ነው» ሲባል አንድ ሰው ተመሰገነ፣ በቃ። «እሱማ ጥሩ ሰው ነው» ሲባል ግን አንዱ ሲመሰገን ሌላው ታምቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ። «እኔማ ምን አገባኝ» የሚል ሰው ነገሩ እንቅልፍ የነሳው ነው። ደግሞ «ብላ» ቢሉህ ጠግቤያለሁ ብለህ ታመልጥ ይሆናል፤ አክስትህ «ብላማ!» ካሉህ ግን ጎርሰህ ነው የምትገላገል።

ቱርኮች ጋ ይህችው ጭራ ፍሬን ናት። «ባክ» እይ ማለት ነው፤ «ባክማ» አትይ። «ያፕ» አድርግ፣ «ያፕማ» አታድርግ። አክስትህ በዚህ ልማዳቸው ቱርክኛ ቢጀምሩ እንግዳቸው ሁሉ ጦሙን ያድር ነበር። ጣሊያኖች ደግሞ «ማ» የሚሉት «ግን» ለማለት ነው። ማኪያቶውንም ጎሚስታውንም ስንወስድላቸው ይህችን ትተንላቸዋል፤ ለሰበብ የሚሆን ቃል መቼም አጥሮን አያውቅ።

ስለ ዘሯ ከተነሳ ባቢሎን ድረስ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሱሳ ላይ ተቆፍሮ የወጣውና ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የቆመው የሐሙራቢ ሕግ የተጻፈው በአካድኛ ነው፤ አካድኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ሴማዊ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ሐሰት ከሳሽ ሲናገር «ኡቢርማ» ይላል፤ «ከሰሰና» እንደ ማለት። እዚህ ማ አንዱን ግስ ከሌላው ታያይዛለች፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ልክ እንደኛዋ ቃሉን ታጠብቃለች። እኔ መልኳን አይቼ ዘመድ ናት ብያለሁ።

ዕብራይስጥም ዘመድ ነው፤ እዚያ ግን «ማ» ማለት «ምን» ነው። እስራኤል ያደገ የሐበሻ ልጅ ስልክ ደውሎ አያቱ «ማ ልበል?» ሲሉት ስሙን ጠይቀውት ነው፤ እሱ «ምን» የምትለውን ከሰማ ግን ወሬውን ሊጀምርላቸው ይችላል።

ቻይናዎች ሁሉንም ይበልጣሉ። እኛ «ገና»ን በማጥበቅና በማላላት በዓል ወይም ቀጠሮ እናደርጋለን፤ እነሱ ደግሞ በዜማ ይለያሉ። «ማ» ከፍ ብሎ ቀጥ ሲል እናት፣ ሽቅብ ሲወጣ የቃጫ ተክል፣ ወርዶ ሲመለስ ፈረስ፣ ቁልቁል ሲወረወር ስድብ ነው። ዜማው የጠፋበት እንግዳ የሰው እናት ፈረስ አድርጎ ቢያርፍ ምን ይገርማል?

እናት የምትለዋ «ማ» በየአገሩ መገኘቷ እንኳ ምክንያት አለው። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 እንደጻፈው፣ ጡት የያዘ ሕፃን አፉ ስለተዘጋ ድምፁን የሚያወጣው በአፍንጫው ነው፤ የሚወጣውም «ም» የሚመስል ማጉረምረም ነው። ቆይቶ ጡቱን ሲፈልግም ያንኑ ያሰማል። እናት ደግሞ በስሜ ጠራኝ ብላ ትቀበላለች። ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ ጆርጂያ ሲደርሱ ግን ይንገዳገዳል። በጆርጂያኛ «ማማ» አባት ነው፤ እናት «ደዳ» ናት።

በኛ ገጠር ማማ ማለት እርሻ መሐል በእንጨት የሚቆም የወፍ መጠበቂያ ነው። ወንጭፉን ይዞ ላዩ ላይ የሚውለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባትም እናትም አይደሉም፤ ልጅየው ነው።