አባቴ መንገድ ላይ ሲቆሙ

የእኛ አገር ሽማግሌ እየሄደ ያወራል፤ ዋናው ነገር ሲመጣ ግን ይቆማል። ከዘራውን መሬት ላይ ተከል፣ የባልንጀራውን እጅጌ ያዝ አድርጎ «አየህ!» ይላል። ነገሩን ከቋጨ በኋላ ጉዞው ይቀጥላል። አባቴም እንዲሁ ናቸው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ስለ ሥርዓተ ነጥብ ሳወራ ብዙ ጊዜ እሳቸው ትዝ ይሉኝ ነበር። ሌላው ሰው አራት ነጥብን በብዕር ያኖራል፤ አባቴ በእግራቸው ነው የሚያኖሩት።

በ2014 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ካከበርኩ በኋላ ሳንጃ ወረድኩ። ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢበልጥ ነው። ትክል ድንጋይን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ደጋው ወደኋላ ይቀራል፤ ጋቢ የለበሰው ጋቢውን ማጠፍ ይጀምራል። አባቴ ይህን መንገድ በጉልበታቸው ያውቁታል። በጉብዝናቸው ጊዜ ሰሊጥና ጥጥ በአህያ ጭነው ጎንደር ድረስ በእግር ይወጡ ነበር። ዛሬ ሰማንያን ተሻግረዋል።

ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ ከቤተ ክርስቲያን አብረን ስንመለስ «አባባ፣ ንግድ ሲጀምሩ ኩንታል ሰሊጥ ስንት ነበር?» አልኳቸው። ቆሙ። አሰቡ። መለሱልኝ። ሄድን። ጥቂት እንደተራመድን «ስንት አህያ ነበረዎት?» አልኩ። አሁንም ቆሙ። መልሰው ተራመዱ። ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቅኩት ግን መልሱን ፈልጌ አልነበረም። እግራቸውን ለማየት ነበር። ቆሙ።

ልዩነቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ድሮ የሚቆሙት ሲናገሩ ነበር፤ አሁን የሚቆሙት ሲያናግሯቸው ነው።

እንዲህ ያስደነገጠኝ ቀደም ሲል ያነበብኩት አንድ አጭር ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ 58 አረጋውያንን አብረዋቸው እየሄዱ ያነጋግሯቸዋል። ከነዚህ 12ቱ ጨዋታው ሲጀመር መራመዳቸውን አቆሙ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ከ12ቱ 10ሩ ወደቁ። መሣሪያ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ፤ ጨዋታ ብቻ።

ምሥጢሩ ይህ ነው፦ መራመድ የእግር ሥራ ብቻ ይመስለናል እንጂ አንጎልም ያለ ፋታ ይሠራል። ዓይን ጉድጓዱን ያያል፣ የውስጥ ጆሮ ሚዛን ይጠብቃል፣ የአንጎል የፊት ክፍል ደግሞ ትኩረትን ለየሥራው ያከፋፍላል። ጤነኛ ወጣት ይህን ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል፤ ቆሎ እየቆረጠመም ያወራል፣ ይሄዳል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም አንጎል ሲጎዳ ግን እርምጃ ራሱ ሐሳብ ይፈልጋል። ሐሳቡ ለሁለት አልበቃ ሲል አንዱ ይቆማል። ኒውዮርክ የሚሠሩት ጆ ቨርጊስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ተጨማሪ ነገር አሳይተዋል፤ አካሄዳቸው የዘገየና «መርሳት አስቸገረኝ» የሚሉ አረጋውያን በኋላ ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው።

የቋንቋችን ነገር ይገርማል። «እግሩ ከዳው» እንላለን፤ «ጃጀ» እንላለን። አንዱ የጉልበት፣ ሌላው የልብ ወሬ ይመስለናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለቱም የአንድ ቤት መርዶ ናቸው፤ እግር ቀድሞ ይደርሳል እንጂ።

ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ ይህን አንብበህ አባትህን በጥያቄ እንዳታጣድፍ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ ልቡን እየሳተ አይደለም። የጉልበት ቁርጥማት፣ የዓይን ሞራ፣ የስኳር በሽታ የጎዳው የእግር ነርቭ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሁሉም እርምጃን ያበላሻሉ። አብዛኞቹ ደግሞ መላ አላቸው። የጨዋ ልጅ አካሄድም ሌላ ነው፤ ታላቅ ሲያናግረው የሚቆመው አክብሮ ነው። የስዊድኑ መለኪያ ይህን አያውቅም። ሊያሳስብ የሚገባው ዝግታው ሳይሆን ለውጡ ነው። አምና እንደዚህ ነበሩ ወይ? ይህን ደግሞ ከልጅ በላይ የሚያውቅ ሐኪም የለም።

እኔ ግን አላወቅኩም ነበር። በዓመት አንዴ የሚመጣ ልጅ ከየት አውቆ?

ማታ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። «እርጅና ነዋ! እርጅና ብቻህን ና ሲባል አልሰማህም?» አለችኝ። ከዚያ ግን ዝም ብላ ቆየችና ነገሩን አወጣችው። ከሁለት ዓመት በፊት ደጃፉ ላይ ወድቀዋል። አጥንት አልተሰበረም። ልጆቹ ግን ደነገጡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚሄድላቸው የልጅ ልጅ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚያደርሳቸው ባጃጅ ነው፤ ውኃ የምታቀብላቸው እህቴ ናት። እሳቸው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ናቸው። እሑድ እሑድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እሱንም ተጣልተው ነው ያስቀሩት።

ይህን ሁሉ ያደረገችው በፍቅር ነው። ሽማግሌ ማለት የሚቀመጥ ሰው ነው ብለን አድገናል። «አባባ ይረፉ»፣ «እኔ ላምጣልዎ»፣ «አይነሡ፣ አይነሡ!» ካላልን ክብር የሰጠን አይመስለንም። እግር ደግሞ ካልሠራ ይሰንፋል፤ የሰነፈ እግር ይወድቃል፤ ከወደቀ ይፈራል፤ ከፈራ ይቀመጣል። በአክብሮት አስረን አስቀመጥናቸው። እኔም ከአዲስ አበባ በየወሩ ስደውል «ይረፉ እሺ?» ነበር የምለው።

የሚቀመጠው እግር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 120 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ ሌሎቹ ሰውነት እንዲያፍታቱ ተደረገ። የተራመዱት ትዝታን የሚይዘው የአንጎላቸው ክፍል 2 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ የሌሎቹ ቀነሰ። አንድ ጥናት ሁሉን አይፈታም፤ እርምጃም የመርሳት በሽታን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2024 «ላንሴት» የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ግን 14 ነገሮችን ቢቀር ቢሻሻሉ ከዓለም የመርሳት በሽታ ግማሽ የሚጠጋውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብለዋል። አለመንቀሳቀስ፣ ደም ግፊት፣ ያልታከመ የዓይንና የጆሮ ችግር፣ ከሰው መነጠል ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የኒሙን ዛፍ ሥር ወንበር አስቡት፤ ስንቶቹ እዚያ አሉ?

በነጋታው ይህን ለአባቴ እንዴት ብዬ ልንገራቸው እያልኩ ስቁነጠነጥ እሳቸው ቀደሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት እግሬን ምን አድርግ ብለህ ነው ስታየው የነበረው?»

አፈርኩ። ለካ አባቴን እንደ ፈተና ወረቀት ሳርም አይተውኛል። ሲያናግሯቸው የሚቆሙት ሰውዬ፣ የሚያስተውሉትን ማስተዋል አላቆሙም። እውነቱን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«መውደቄንማ ወደቅሁ። ከወደቅሁ ወዲህ ግን ‹ገበያ ሂድ› ያለኝ ሰው የለም።»

ጎንደር ወሰድናቸው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ አገኘ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አስተካከለ፤ የማስታወስ ምርመራም አደረገላቸው። «ትንሽ ትንሽ መርሳት ጀምረዋል፤ እንከታተለው» አለ። ይህን ቃል እየሰማሁ በሩን ነው የማየው። ሞራው ተገፈፈ። ሐኪሙ ያዘዘው ሌላው ነገር ከፋርማሲ አይገዛም፦ በየቀኑ እንዲራመዱ፣ ሚዛን የሚያለማምድ ነገር እንዲሠሩ፣ ሥራቸው እንዲመለስላቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስና ሚዛን መለማመድን ነው። የሳንጃ ፀሐይ በቀትር ስለማይቻል የእሳቸው ሰዓት ማለዳና አመሻሽ ሆነ። ደጃፉ ተስተካከለ፤ ከዘራው ጫፍ ላይ ጎማ ተደረገ፤ ስኳርና ቡና የሚገዙት እሳቸው ሆኑ። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ከአጥር ጀርባ ሆና ስትጠብቅ፣ ልቧ ከእሳቸው ጋር ነበር የሚራመደው። አሁንም ሳትፈራ ቀርታ አይደለም።

ተአምር አልተፈጠረም። ሲያናግሯቸው ዛሬም ይቆማሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያለዋውጣሉ። አንድ ቀን የእኔንም ይሉ ይሆናል። እስከዚያ ግን በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለልጅ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ስደውል «ይረፉ» ማለቴን ትቻለሁ። «ዛሬ የት ድረስ ሄዱ?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት «ሱቅ ድረስ» አሉኝ። «ቆሙ ወይ?» አልኳቸው።

«ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ» አሉ። «ሁለቱን ሰው ሰላም ልል ነው። አንዷን ለሐኪምህ ንገረው።»