ቀለብ
ወላጆቼ ሲፋቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ፍርድ ቤት የቆረጠልኝን ቀለብ ለመቀበል እናቴ እጄን ይዛ በየወሩ ደጅ ትጠና ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።

በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ሳነብ፣ ቀለብ ምግብ ብቻ አለመሆኑን አየሁ፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም አለበት። ልኩ የሚወሰነው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው። ግዴታውም የወላጅ ብቻ አይደለም፤ ወላጅ ሲቸገር ልጅም ይጠየቃል።

ባለፈው ወር አባቴ ታመው ላኩብኝ። ዛሬ ተማሪ ነኝና አቅም የለኝም እል ይሆናል፤ ስመረቅስ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ?

እናቴን አማከርኋት። «አንተም ደጅ ልታስጠናቸው ነው?» አለችኝ።