ስለ ሁሉ የተጣለ ጭነት

ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ የዘመኑን ደስታና መከራ አብሮ ይጽፋል። በአገራችን የሞተውን በሚተካው ሕፃን ተጽናንቶ «ምትኩ» የሚል፣ ከኀዘን በኋላ የተወለደለትን «ማስረሻ» ብሎ የሚጠራ፣ ስለ ጠፋበት ሁሉ እግዚአብሔር የሰጠውን ልጅ «ካሳ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ስለዚህም ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበረ አንድ የሆላንድ ነጋዴ ለሴት ልጁ ያወጣውን ስም ባነበብሁ ጊዜ፣ አገሩ ሩቅ፣ ባሕሩም እንግዳ ቢሆን፣ ሰውየው የጎረቤት ያህል ቀርቦ ታየኝ።

ነጋዴው የአምስተርዳሙ ሩመር ቪሰር ነው። በንግዱ ብቻ ሳይሆን በግጥሙም የታወቀ ሰው ነበር። በ1594 ዓ.ም. በማርች ወር ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስሟንም ማሪያ ቴሰልስኻደ አላት። «ቴሰል» በሆላንድ ሰሜን የሚገኝ የአንድ ደሴት ስም ነው፤ «ስኻደ» ማለትም ጉዳት ማለት ነው። እንግዲህ የልጅቱ ስም ሲፈታ «የቴሰል ጉዳት» መሆኑ ነው። ይህች ልጅ አድጋ በአገሯ ከታወቁት ባለቅኔዎች አንዲቱ ሆነች፤ በብርጭቆ ላይ ጽሕፈት በመቅረጽም ትደነቅ ነበር። የአባቷ ኪሳራ ግን እስክትሞት ድረስ በስሟ ላይ ተቀምጦ ኖረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ አምስተርዳም የሚያስገባው ባሕር ጥልቀት ስላልነበረው ታላላቅ መርከቦች ሙሉ ጭነት ይዘው ከከተማው ለመነሣት አይችሉም ነበር። ስለዚህ በቴሰል ደሴት አጠገብ መልሕቃቸውን ጥለው ይቆማሉ፤ ትናንሽ ጀልባዎች ሸቀጡን ያመላልሱላቸዋል፤ ጭነቱ ከሞላም በኋላ ወደ ውጭ የሚያወጣቸው ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ቀናትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታትን ይጠብቃሉ። በ1593 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ ሌሊት በዚያ ሥፍራ 150 ያህል መርከቦች ቆመው ሳለ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ተነሣባቸው። የመልሕቁ ገመድ የተበጠሰበት መርከብ በጎረቤቱ ላይ እየወደቀ፣ አንዱ ሌላውን እየሰበረ፣ 40 ያህሉ ጠፉ። በመቶ የሚቈጠሩ መርከበኞችም አብረው ሰጠሙ። በጥልቁ ውቅያኖስ መካከል ሳይሆን፣ ወደብ በሚመስል መጠጊያ ውስጥ፣ ጉዞው ገና ሳይጀመር የደረሰ ጥፋት ነበርና፣ ለነጋዴዎቹ ኀዘኑ እጅግ መራራ ሆነ።

ስለ ባሕር ማዕበል ስናስብ ወዲያው በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን የሚሰጥም መርከብ ነው። ነገር ግን የነጋዴው ፍርሃት ከመስጠም በፊት ይጀምራል። መርከቡ በሞገድ ሲንገላታ የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ይከፈታል፤ የጨው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሆዱ ይገባል። ስንዴው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል፤ ስኳሩና ጨው የጫነው ጆንያ ይሟሟል፤ የሐሩ ቀለም ይበላሻል፤ የወይን ጠጅ በርሜሎች ከማሰሪያቸው አምልጠው እየተንከባለሉ የቀረውን ዕቃ ይጨፈልቃሉ። መርከቡ በደኅና ቢገባ እንኳ ነጋዴው ጆንያውን እስኪፈታ ድረስ ሀብታም ይሁን ድኻ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የከበደች ግን አንዲት ሰዓት አለች። ውሃው ከሚቀዳው ይልቅ የሚገባው ሲበዛ፣ መርከቡም በክብደቱ ሊሰጥም ሲቃረብ፣ አለቃው «ጭነት ይጣል» ይላል። እንግዲህ የማን ጭነት ይጣል? በአንድ መርከብ ውስጥ የአሥር ወይም የሃያ ነጋዴዎች ንብረት ተደባልቆ ተቀምጧል። የአንዱ ወደ ባሕር ሲወረወር የሌላው ይድናል፤ የዳነውም የዳነው ያኛው ስለ ጠፋ ነው። ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበትን ሥርዓት የሚፈትን ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም።

የጥንት ሰዎች ለዚህ የሰጡት መልስ አጭርና ግልጽ ነው። በሮድስ ደሴት ሰዎች ስም የሚጠራና ሮማውያን የተቀበሉት ሕግ፣ በ533 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ በተጠናቀረው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ሐሳቡም መርከብን ለማቅለል ስለ ሁሉ የተጣለ ዕቃ በሁሉ መዋጮ ይካስ የሚል ነው። ሥራው በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። መርከቡና ጭነቱ ተደምረው 10,000 ወርቅ ያወጣሉ እንበል። የ1,000 ወርቅ ዕቃ ቢጣል ጉዳቱ ከአሥር አንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ንብረት ከድርሻው ከአሥር አንድ ያጣል። ዕቃው የተጣለበትም ሰው የራሱን ድርሻ 100 ወርቅ ችሎ 900 ወርቅ ይቀበላል እንጂ ሙሉውን አይወስድም፤ እርሱም ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ነውና። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ይህ ሕግ የሚካፈለው ጉዳት ሁሉን አይደለም። ማዕበሉ ራሱ ያበላሸው ዕቃ የባለቤቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል፤ የሚካፈሉት ሰው አስቦና መርጦ ስለ ሁሉ ደኅንነት ያጠፋውን ብቻ ነው። ነፋስ የሰበረው የሸራ ምሰሶ የባለ መርከቡ ጉዳት ነው፤ መርከቡን ለማዳን በመጥረቢያ የተቈረጠ ምሰሶ ግን የሁሉ ዕዳ ነው። ምሰሶው አንድ፣ ማዕበሉም አንድ ሲሆን፣ ልዩነቱ በሰው ፈቃድ ላይ ነው። የዕጣ ፈንታን ጉዳትና ስለ ወንድም የተቀበሉትን ጉዳት የሚለይ ሕግ፣ ከገንዘብ ቈጠራ አልፎ ወደ ሥነ ምግባር የገባ ሕግ ነው።

በ1681 ዓ.ም. በፈረንሳይ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ዘመን የወጣው የባሕር ድንጋጌ ይህን ነገር በዝርዝር ጽፎታል። አለቃው ጭነት ከማስጣሉ በፊት በመርከቡ ያሉትን ነጋዴዎችና ከመርከበኞቹም ዋና ዋናዎቹን ማማከር ይገባዋል። በመጀመሪያ የሚጣለው እምብዛም የማያስፈልገው፣ ክብደቱ የበዛና ዋጋው ያነሰው ነው። የተመከረውን የመርከቡ ጸሐፊ ጊዜ እንዳገኘ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ሐሳብ የሰጡትም ይፈርሙበታል። በሚደርሱበትም የመጀመሪያ ወደብ አለቃው ቀርቦ ዕቃው የተጣለበትን ምክንያት በቃሉ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጭነቱን በደንብ ሳያስር ቀርቶ ወይም ያረጀ መርከብ ይዞ ወጥቶ፣ ኋላ ጥፋቱን ሁሉ በማዕበሉ የሚያላክክ አለቃ አይታጣምና። ማዕበል ተጠርቶ አይመሰክር!

ከድንጋጌው አንቀጾች ሁሉ ልቤን የነካው ግን ስለ መርከበኞች የተጻፈው ነው። የመርከበኛው ደመወዝና የሚለብሰው ልብስ ለተጣለው ዕቃ መዋጮ አይከፍልም፤ ልብሱ ከተጣለ ግን የቀሩት ባለ ንብረቶች አዋጥተው ይክፈሉት ይላል። ሌሊቱን ሙሉ በበረዶ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሌላውን ሐርና ቅመም ያዳነ ሰው፣ በነጋታው ከአንዲት ካፖርታው ላይ ድርሻ እንዳይጠየቅ የሚያስብ ሕግ አውጪ፣ ከሰነዱ ባሻገር ሰውን ያየ ነው።

ቴሰል ከደረሰባት ጥፋት አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1598 ዓ.ም.፣ በአምስተርዳም ስለ ኢንሹራንስና ስለዚህ ዓይነቱ የባሕር ጉዳት ክፍያ የሚዳኝ ልዩ ችሎት ተቋቋመ። ጉዳቱ በአውሮፓ ቋንቋዎች «አቫሪያ» ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛው «ዐዋር» እንደ ተወለደ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ትርጓሜውም ጉድለት ወይም የተበላሸ ዕቃ ማለት ነው። የዐረብኛው ቃል ሥር ከግእዛችን «ዕዉር» ጋር አንድ ነው። የሜዲትራንያን ነጋዴዎች ቃሉን ከወደብ ወደ ወደብ ሲያመላልሱት ሃይማኖታቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ነበር፤ ነገር ግን ማዕበሉ በአንድ መርከብ ላይ ስላሰባሰባቸው በአንድ ሒሳብ መስማማት ግድ ሆነባቸው።

ይሁን እንጂ ስለ አንድ ሕግ መልካምነቱን ብቻ መናገር ለአንባቢ እውነትን መንፈግ ይሆናል። የሮማው የሕግ መጽሐፍ የነጻ ሰው አካል በዋጋ ሊተመን አይችልም ይላል። ቃሉ የከበረ ነው፤ ነገር ግን «ነጻ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ነጻ ያልተባለውስ? መልሱ ከብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝ አገር ተሰማ። በ1781 ዓ.ም. የሊቨርፑል ነጋዴዎች ንብረት የሆነች ዞንግ የምትባል መርከብ አፍሪቃውያንን ለባርነት ጭና አትላንቲክን ስታቋርጥ፣ መርከበኞቹ ውሃ አነሰን ብለው ከ130 በላይ ሰዎችን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሉ። ባለ መርከቦቹም «ዕቃችን በግድ ተጥሏልና ይከፈለን» ብለው ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ከኢንሹራንስ ጠየቁ። በ1783 ዓ.ም. በለንደን የተሰየመው የመጀመሪያው ችሎት ፈረደላቸው። ነገሩ እንደገና በቀረበ ጊዜ ዋናው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ፣ ጉዳዩ የታየው ፈረሶች ከመርከብ እንደ ተጣሉ ያህል ተቈጥሮ ነው አለ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ሳይጣሉ ዝናብ ዘንቦ እንደ ነበረም በክርክሩ ተነገረ፤ አዲስ ችሎት እንዲደረግም ታዘዘ። ራሱ በባርነት የኖረው አፍሪቃዊው ኦላውዳ ኢኩዊያኖ ወሬውን ለግራንቪል ሻርፕ ባያደርስ ኖሮ፣ ነገሩ ከነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ ሳይወጣ በቀረ ነበር። ስለ ግድያው ግን አንድም ሰው ለፍርድ አልቀረበም።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ይገለጥልኛል። «ስለ ሁሉ ይጣል» የሚለው ቃል ቅዱስም ርኩስም ሊሆን ይችላል። ቅዱስ የሚያደርገው «ሁሉ» በሚለው ውስጥ ማን እንደ ተቈጠረ ነው። በፈረንሳዩ ድንጋጌ የመርከበኛው ካፖርታ ተቈጠረች፤ በዞንግ ግን ከ130 በላይ ነፍሳት ከባለ ንብረት ሳይሆን ከንብረት ወገን ተቈጠሩ። ሒሳቡ በሁለቱም ዘንድ ትክክል ነበር፤ የሳተው ቈጠራው የተጀመረበት ሥፍራ ነው። በቴሰል የሰጠሙትንም መርከበኞች አስባለሁ። የነጋዴው ኪሳራ በልጁ ስም ሲታወስ ሲኖር፣ በመርከቦቹ ላይ የሞቱት የአብዛኞቹ ስም በየትም አይነገርም።

ምናልባት አንባቢው «እኛ ደገኞች ከባሕር ማዕበል ምን አለን?» ይል ይሆናል። በ1960 ዓ.ም.፣ ማለትም በእኛ አቈጣጠር በ1952፣ የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ይህንኑ የጋራ ጉዳት ክፍያ ተቀብሎ ደንግጓል። አገራችን ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ከውጭ የምናስመጣው ዕቃ እጅግ የሚበዛው በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሕጉም አላረጀም። በ2021 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ መርከብ በኃይለኛ ነፋስ መካከል በስዊዝ ቦይ ተሰንቅራ ከቆየች በኋላ፣ ባለቤቷ የጋራ ጉዳት መድረሱን አስታወቀ፤ ሸቀጥ የጫኑትም ሁሉ የድርሻቸውን ዋስትና እንዲሰጡ ተጠየቁ። የእቃ ማጠቢያም ሆነ የልጅ ጫማ የጫነ ነጋዴ በዚያ ቀን ከሮድስ ሰዎች ሕግ ጋር ተገናኘ።

ነገር ግን ሕጉን የማነሣው ስለ መርከብ ብቻ አይደለም። መንደርም፣ መሥሪያ ቤትም፣ አገርም በክፉ ቀን መርከብ ነው። ድርቅ ሲመጣ፣ ገበያ ሲናጋ፣ በጀት ሲያጥር፣ «አንዳንዱ ነገር ይጣል» የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም፤ መነሣቱም ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። የሚያስፈራው ያን ድምፅ ተከትሎ ዝምታ ሲመጣ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች የባሕር ሰዎች በብዙ ኪሳራ የተማሯቸው ናቸው። የሚጣልበት ሰው በምክሩ ላይ ተቀምጧልን? የተወሰነውስ ተጽፎ ተፈርሟልን? ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ የዳኑት ሁሉ ድርሻቸውን ይከፍላሉን? ድኻው ከካፖርታው ላይ አይጠየቅምን? ለእነዚህ መልስ ያለው መርከብ ምሰሶው ተቈርጦ፣ ጭነቱ ጎድሎ፣ ሸራው ተቀድዶ ወደብ ቢገባም እንኳ፣ በላዩ ያሉት ሰዎች አንዱ የሌላውን ፊት ሳያፍር ለማየት ይችላል።